ሁለት ቀዳዳ

የአንዲት ፊያት 124 ስፓይደርን ሁለት በር ቆርጬ ስፒከር የከተትኩባት እኔ ነኝ። ባለቤቷ እንዳልበሳት ለምነውኝ ነበር። ከመቁረጤ በፊት ዋሸኋቸው፤ ከቆረጥኩ በኋላም ዋሸኋቸው። አሁን የምኖረው ጁባ፣ ጀበል ገበያ አጠገብ ነው፤ የመኪና ኤሌክትሪክና የቴፕ ሥራ እሠራለሁ። ጥፋቱን የፈጸምኩት ግን አዲስ አበባ ነው፤ በ1999 ዓ.ም. ማለቂያ፣ ከተማው ሚሊኒየሙን ለመቀበል ሽር ጉድ በሚልበት ሰሞን።

መኪናዋን ለማያውቅ ሰው ሁለት ቀዳዳ ምንም አይመስለውም። ፊያት ይህችን መኪና ለሕዝብ ያሳያት በ1966 እ.ኤ.አ. ቶሪኖ ላይ ነው። ቅርጿን የነደፈው ፒኒንፋሪና ቤት ይሠራ የነበረው ቶም ቻርዳ ነው። ሞተሯ የአውሬሊዮ ላምፕሬዲ ሥራ ነው፤ ላምፕሬዲ ወደ ፊያት ከመምጣቱ በፊት የፌራሪን ሞተሮች ይነድፍ የነበረ ሰው ነው። አብዛኛው መኪና በአራት ማርሽ በሚሄድበት ዘመን እሷ አምስት ማርሽ ነበራት፤ ፍሬኗም በአራቱም ጎማ ዲስክ ነው። በ1972 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ ራሊ ሻምፒዮና አሸናፊ ይነዳ የነበረው የእሷን ዓይነት ነው። ጣሪያዋ ወደ ኋላ የሚታጠፍ ሸራ ነው፤ ከፊት ወንበሮቿ ኋላ ለልጅ እንጂ ለአዋቂ የማይበቃ ጠባብ መቀመጫ አላት። ያ መቀመጫ በኋላ ትልቅ ነገር ይሆናል።

ባለቤቷን ጋሼ ነው የምላቸው፤ ስማቸውን አልጽፍም። የገዟት በአብዮቱ ዋዜማ ዕቃውን ሸጦ ወደ አገሩ ከሚገባ አንድ ጣሊያናዊ ነው። በደርግ ዘመን ዓይን እንዳትስብ በሸራ ሸፍነው ግቢያቸው ውስጥ አቆሟት። ሞተሯ እንዳይነክስ በየጊዜው ያስነሷት ነበር፤ ጎማዋ ባንድ ጎኑ ተኝቶ እንዳይሰነጠቅ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይገፏት ነበር። ካንዴላዋን ራሳቸው ያወጣሉ፣ ራሳቸው ይጠርጋሉ። ከሠላሳ ዓመት በላይ እንዲህ አድርገው ሲጠብቋት ከፋብሪካ ይዛው የመጣችው ነገር ሁሉ አብሯት ቆየ፤ የበሯ የውስጥ ልባስ ፋይዚት፣ ፋይዚቱ የለበሰው ጥቁር ሰው ሠራሽ ቆዳ፣ የመስታወት ማንሻው እጀታ፣ ውኃ የሚከላከለው ጎሚኒዋ ሳይቀር።

ጋሼ የፈለጉት ይህ ነበር። ለመስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. ዋዜማ ጣሪያዋን አጥፈው፣ ባለቤታቸውን ከጎን አስቀምጠው፣ ከፒያሳ ወደ ቦሌ ሊወርዱ ነው። ሙዚቃ ያስፈልጋቸዋል። የጥላሁን ገሠሠን፣ የብዙነሽ በቀለን፣ የማሕሙድ አሕመድን የድሮ ሥራዎች አንድ ሲዲ ላይ አስቀድተው ይዘዋል። እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ ቴፑን ከዳሽቦርዱ ሥር አንጠልጥልልኝ። ስፒከሮቹን ግን ስፈልግ የማስቀምጣቸው፣ ሳልፈልግ የማነሳቸው አድርግልኝ። እሷን እንዳትበሳት።»

እኔም መለስኩላቸው፦ «ጋሼ፣ እንዲህ ዓይነት አገጣጠም የለም። ስፒከር በር ተበስቶ ካልገባ ድምፅ አይሰጥም። ፋብሪካም የሚያደርገው ይህንኑ ነው።»

እንደሌለ አላውቅም ነበር። አይቼው ስለማላውቅ ብቻ የለም አልኩ። ጋሼ ዝም ብለው አልተቀበሉኝም፤ «ሌላ ሰው ጠይቄ ልመለስ?» አሉ። «የትም ቢሄዱ ይህንኑ ነው የሚሉዎት» አልኳቸው። ዛሬ ሳስበው ከመጀመሪያው ውሸት ይህኛው ይከፋል። እውነቱን ሊነግራቸው ይችል ወደነበረው ሰው የሚወስደውን መንገድ ዘጋሁባቸው። ጥቂት አሰቡና «እንግዲያስ አንተ ታውቃለህ» ብለው ቁልፉን ሰጡኝ።

በሶማሌ ተራ ዙሪያ ሥራ ለምደን ያደግን ልጆች ቶሎ የምንማረው ነገር ነበር፤ ደንበኛ ፊት «አላውቅም» ያለ ሠራተኛ፣ ደንበኛው ጎረቤት ጋራዥ ሲገባ ቆሞ ያያል። እኔም በዚያን ጊዜ ስም እያወጣሁ ነበር። በዓሉ ስለተቃረበ የሚገጠመው ቴፕ ብዙ ነው፣ ገንዘቡም ያስፈልገኝ ነበር። ይህን የምለው ለማመካኘት አይደለም። በዚያው ሰፈር፣ በዚያው ችግር ውስጥ ሆነው «ይቆዩኝ፣ አለቃዬን ልጠይቅ» የሚሉ ልጆች ነበሩ፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኔ አላልኩም።

የቀኙን በር ፋይዚት በካቻቪቴ እየፈለቀቅሁ አወጣሁት። ገልብጬ ጠረጴዛ ላይ ሳስተኛው ከጀርባው በእርሳስ የተጻፈ ቁጥር አየሁ። ቶሪኖ ላይ መኪናዋን የገጣጠመ ሠራተኛ የጻፈው መሆን አለበት፤ አጻጻፉ የጣሊያን ነው፣ ሰባቱ ወገቡ ላይ ትንሽ ሰረዝ አለችው። ቁጥሩን አንብቤዋለሁ። ክቡን ያሰመርኩት በላዩ ላይ ነው።

ከፋይዚቱ ኋላ የዝናብ ውኃ ወደ መኪናው ውስጥ እንዳያልፍ የተለጠፈ ላስቲክ ነበር፤ ቀድጄ ጣልኩት። ቀጥሎ ላሜራው መጣ። ፋብሪካው ለመስታወት ማንሻው ጥገና ብሎ የተወው ክፍት ለስፒከሬ ማግኔት ጠበበ። ዙሪያውን በትራፓኖ በሳስቼ፣ ቀዳዶቹን በሴጌቶ አገናኝቼ አሰፋሁት። የብረቱ ብናኝ ወደ በሩ ሆድ ወረደ፤ አላወጣሁትም። የተቆረጠውን ጠርዝ ፀረ ዝገት አልቀባሁትም። ስፒከሩን ገጥሜ መስታወቱን ሳወርደው ከማግኔቱ ጋር ተጋጨ። ከኮምፔልሳቶ ቀለበት ቆርጬ ስፒከሩን ወደ ውጭ ገፋሁት፤ አሁን ደግሞ የመስታወት ማንሻው እጀታ በዞረ ቁጥር የስፒከሩን ክዳን ይፍቅ ጀመር። በዚህ ጊዜ ማቆም እችል ነበር። አንድ በር ብቻ ነበር የተቆረጠው። ደውዬ «ጋሼ፣ ተሳስቻለሁ» ብል ግራው በር ይተርፍ ነበር። ግራውንም ቆረጥኩት።

ድምፁም ቢሆን አልተገኘም። ስፒከር አየሩን ወደ ፊት ሲገፋ ከኋላው ይስበዋል፤ የፊቱና የኋላው ድምፅ ከተገናኙ በተለይ ወፍራሙ ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ስለዚህ የስፒከሩ ጀርባ መታፈን አለበት። የዚያች መኪና በር ደግሞ ከሥሩ የውኃ መውረጃ አለው፣ ላሜራው ስስ ነው፣ ፋይዚቱ ድምፁ ከፍ ሲል ይንቀጠቀጣል። ተራ የታሸገ የኮምፔልሳቶ ሳጥን ከዚያ በር እጅግ የተሻለ ድምፅ ይሰጥ ነበር። ጣሪያዋ ታጥፎ ስትሄድ ደግሞ ነፋሱ ከታች የሚመጣውን ድምፅ ይወስደዋል፤ ማዝዳ በ1989 እ.ኤ.አ. ባወጣት ባለ ክፍት ጣሪያ ኤምኤክስ-5 ላይ ስፒከሩን ወንበሩ የራስ መደገፊያ ውስጥ፣ ጆሮ አጠገብ ያስቀመጠው በዚህ ምክንያት ነው። «ካልተበሳ ድምፅ አይሰጥም» ያልኳቸው ነገር በዚያች መኪና ላይ ፍጹም ተቃራኒው ነበር እውነቱ።

ሌላም አለ። አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. አምሃ ሪከርድስን አቋቁሞ ማሳተም ከጀመረ በኋላ የወጡት ሸክላዎች ላይ ጎልቶ የሚሰማው የዘፋኙ ጉሮሮና የነፋስ መሣሪያው ነው። ቤዙ ልከኛ ነው። ጋሼ ይዘውት የመጡት ሙዚቃ የዚያ ዘመን ነው፤ ለእሱ 4 ኢንች ስፒከር ይበቃው ነበር። 4 ኢንች ስፒከር ትንሽ ሳጥን ውስጥ ገብቶ ወንበር ኋላ ሊቀመጥ ይችላል። እኔ የገጠምኩት ባለ 6 ተኩል ኢንች ነው፤ የእኔ ዕድሜ ልጆች ሚኒባስ ላይ የምንወደው ደረት የሚመታ ቤዝ ብቻ ነበር በጭንቅላቴ ያለው። ምን እንደሚያዳምጡ ነግረውኝ ሳለ አልሰማኋቸውም።

የዋዜማውን ሌሊት ነዷት። በማግሥቱ ደውለው አመሰገኑኝ፤ ባለቤታቸው ብዙነሽ ስትዘፍን አብራ መዝፈኗን ነገሩኝ።

ክረምት ሲመጣ በሯ ውስጥ የሚወርደው ውኃ የሚያግደው ላስቲክ የለም። ኮምፔልሳቶው አበጠ። ፋይዚቱ ከሥሩ ፈርሶ ቆዳው ተላቀቀ፣ ውኃው ሞኬቱ ላይ ደረሰ። ሳላወጣ የተውኩት የብረት ብናኝ ዝጎ የውኃ መውረጃውን ደፈነው፤ በበሩ የታችኛው ጠርዝ ቀይ ውኃ ይንጠባጠብ ጀመር። ጋሼ ደውለው «ና እስቲ እየው» አሉኝ። ሄጄ አየሁት። «ጎሚኒው ስላረጀ ነው» አልኳቸው። ያ ጎሚኒ እኔ እስክደርስበት ድረስ ውኃ አስገብቶ አያውቅም።

ሲሊኮን እየቀባሁ ሳለ የጋሼ ወዳጅ የሆኑ አንድ ሰው ወደ ግቢው ገቡ። የድሮ ቮልስዋገን አላቸው፤ መኪና የሚወዱ ሰው ናቸው። በሩን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ።

«ምነው? እንዲህ አድርጎ የቆረጣት ማነው? እንዴትስ ፈቀድክለት?»

ጋሼም ረጋ ብለው «ሌላ መንገድ የለውም» አሉ። «እኔም ጠይቄአለሁ። ልጁ የሙያው ሰው ነው፤ ቢኖር ይነግረኝ ነበር።»

እኔ በሩ ሥር ተንበርክኬያለሁ፣ የሲሊኮኑ ቱቦ በእጄ ነው። ውሸቴን ከእሳቸው አፍ፣ በሙሉ እምነት ሲወጣ ሰማሁት። ጓደኛቸው ፊት ለእኔ ጥብቅና እየቆሙልኝ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይበቃ ነበር፤ «አይ ጋሼ፣ መንገድስ ነበረው፣ እኔ ነኝ ያላወቅሁት።» አልተናገርኩም። ቀብቼ ጨረስኩ፣ ገንዘብ ሊሰጡኝ ሲሉ አልቀበልም አልኩ፤ እሳቸው ይህን እንደ ትሕትና ቆጥረው መረቁኝ። ከቆረጥኩት ላሜራ ይልቅ እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ ያ ምርቃት ነው። ከዚያ በኋላ ስልካቸውን ማንሳት ተውኩ።

ላሜራ ይበየዳል። አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ የዚያችን መኪና የበር ልባስ አስመስለው የሚሠሩ ስላሉ እሱም በገንዘብ ይገኛል። መኪናዋ ግን አትገኝም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። አዲስ አበባ ውስጥ ያሉት የድሮ መኪኖች ያሉት ብቻ ናቸው። አንዱ በተቆረጠ ቁጥር ያልተነካው ቁጥር በአንድ ይቀንሳል፤ የሚተካው የለም። ይህን ሥራ የሚሠሩ ወጣቶች ይህን ቢያነቡ ደስ ይለኛል፤ በተለይ አሁን አንዲት ያረጀች መኪና ፊታቸው ቆማ፣ ትራፓኖው ሶኬት ላይ ተሰክቶ ከሆነ።

ጁባ የመጣሁት ደቡብ ሱዳን ሐምሌ 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ነፃነቷን ካወጀች በኋላ ነው። ሀበሻው በዚያን ጊዜ ሆቴል ይከፍታል፣ ውኃ በቦቴ ያከፋፍላል፣ ምግብ ቤት ይሠራል፤ እኔ የማውቀውን ይዤ መጣሁ። ጀበል በየይ መንገድ፣ ኩጁር ከሚባለው ተራራ ሥር ነው። ድንጋይ እየፈለጡ ጠጠር የሚሸጡ እናቶች በመንገዱ ዳር ይቀመጣሉ፤ አቧራው ቀይ ነው፣ ሁሉም ነገር ውስጥ ይገባል። በሕጉ የሚነዳው በቀኝ ነው፤ በኒሙሌ በኩል ከኡጋንዳ የሚገቡት መኪኖች ብዙዎቹ ግን መሪያቸው በቀኝ ስለሆነ ሽቦ ስዘረጋ ሁልጊዜ አስቤ ነው የምጀምረው። ሥራው አይጠፋም። ራክሻው፣ ሚኒባሱ፣ ላንድክሩዘሩ ሁሉ ሙዚቃ ይፈልጋል። እኔም በር እየበሳሁ እገጥም ነበር፤ እነዚያ የዕለት እንጀራ መኪኖች ናቸው፣ ባለቤቶቹም ይህን ነው የሚጠይቁት።

ሐምሌ 2008 ዓ.ም. ጀበል ጦር ሜዳ ሆነ። የፕሬዚዳንት ሳልቫ ኪርና የተቀናቃኛቸው የሪክ ማቻር ኃይሎች ከሐምሌ 1 ጀምሮ ተኩስ እስከቆመበት እስከ ሐምሌ 4 ድረስ ተዋጉ፤ ሰው አለቀ፣ ገበያው ተዘረፈ። ያ ሰሞን እየተነሳ ስለ ስፒከር ማውራት ይከብደኛል፤ የማውቃቸው ሰዎች ሞተዋል። ስንመለስ ግን ከቆሙት መኪኖች ብዙዎቹ በራቸው ተገንጥሎ ነበር፤ እኔ የገጠምኩትን ስፒከር ለማውጣት ልባሱን ከነላሜራው ቀድደውታል። ከዚያ ወዲህ ደንበኞቼ «ማታ ይዤው የምገባ አድርግልኝ» ማለት ጀመሩ። ሳጥን መሥራት የጀመርኩት ያኔ ነው። ሳጥኑን ግን አሁንም ወለሉ ላይ በብሎን በስቼ ነበር የማስረው።

አንድ ቀን ጡረታ የወጡ መምህር መጡ፤ ሰፈሩ ሁሉ ኡስታዝ ይላቸዋል። ከነፃነቱ በኋላ ከካርቱም ተነስተው፣ ከኮስቲ በባርጅ ናይልን ሽቅብ ወደ ጁባ ከተመለሱት አንዱ ናቸው። ከአልጋቸውና ከመጽሐፎቻቸው ጋር ያመጡት ቶዮታ ሴሊካ ነው፤ ቶዮታ ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሠራት የመጀመሪያዋ ትውልድ፣ ሁለት በር ያላት ዝቅ ያለች ስፖርት መኪና። በምሥራቅ አፍሪካ ይህ ስም ክብር አለው፤ የሴሊካ ሦስተኛ ትውልድ ኬንያ ውስጥ የሚደረገውን ሳፋሪ ራሊ ከ1984 እስከ 1986 እ.ኤ.አ. በተከታታይ አሸንፋለች። ኡስታዝ በሯን ከፍተው ውስጧን አሳዩኝ። ምንም አልተነካችም።

«ሙዚቃ እፈልጋለሁ። አንዲት አዲስ ቀዳዳ ግን አልፈልግም» አሉኝ። «ካልቻልክ ንገረኝ፣ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ፤ አልቀየምህም።»

አፌ ላይ የድሮው መልስ ደርሶ ነበር። በተሰባበረው አረብኛዬ «እንዲህ ሠርቼ አላውቅም» አልኳቸው። «ካርቶን ቆርጬ ልሞክር። ካልሆነ እነግርዎታለሁ።»

ኡስታዝ በርጩማ ስበው ተቀመጡ፤ ሻይ አዘዙ። ከዚያ በላይ ምንም አልሆነም። ዕድሜዬን ሙሉ የፈራሁትን ቃል ተናገርኩ፤ ሰውዬው ሻይ ይጠጣሉ፣ መኪናዋ ቆማለች፣ ሥራው ይጠብቀኛል።

ልኩን የወሰድኩት ከኋላ መስታወቷ ሥር ካለው መደርደሪያ ነው። ካርቶኑን አስቀምጬ፣ ከመስታወቱ መታጠፊያ ጋር እስኪገጥም ድረስ በመቀስ እየሸረፍኩ ልክ አወጣሁ። በዚያ ልክ ከ12 ሚሊሜትር ኮምፔልሳቶ ረዘም ያለ ዝቅ ያለ ሳጥን ቆረጥኩ፤ መሐሉን በሳንቃ ለይቼ ለእያንዳንዱ ስፒከር የራሱን ክፍል ሰጠሁት። መገጣጠሚያውን በኮላ አጣብቄ ከውስጥ በሲሊኮን ደፈንኩ፤ አየር ካለፈ ሳጥን መሆኑ ይቀራል። እርጥበት እንዳያሳብጠው ሁሉንም ገጽ ቫርኒሽ ቀባሁት፣ ከላይ ጥቁር ሞኬት አለበስኩት፣ ከሥሩ መደርደሪያውን እንዳይፍቅ ስስ ስፑንያ አደረግሁለት።

ማሰሩ ነው ያስቸገረኝ። የቀበቶዎቹን ብሎን መንካት አልፈለግሁም፤ እነሱ የሰው ሕይወት ነው የሚይዙት። በመጨረሻ የኋላ ወንበሩን መደገፊያ የሚይዙትን ብሎኖች አገኘኋቸው። ፈትቼ ከእያንዳንዳቸው ሥር ስስ የብረት ማያያዣ አስገባሁና ያንኑ ብሎን መልሼ አጠበቅሁት። ማያያዣው ጫፉ ላይ በጣት የሚዞር ዳዶ አለው፤ ሳጥኑ እሱ ላይ ይቀመጣል። ሽቦውን ከባትሪው አጠገብ ፊውዝ አስገብቼለት፣ በነባሩ የሽቦ ማለፊያ አሳልፌ፣ ከደፉ ሥር ከሞኬቱ በታች ዘረጋሁት፤ ሳጥኑ ጋ ሲደርስ በሶኬት ይገናኛል። ሁለት ዳዶ፣ አንድ ሶኬት፤ ያ ብቻ ነው። ኡስታዝ ራሳቸው ፈትተው አነሱት፣ ራሳቸው መለሱት። ሳጥኑ ሲነሳ ተጎንብሼ መደርደሪያውን አየሁ። የትም ቦታ ምንም ምልክት የለም።

ደስ ሊለኝ በሚገባ ቀን አንገቴን የሚያስደፋ ነገር ገጠመኝ፤ ሥራው ከባድ አልነበረም። ጊዜ ይፈልጋል፣ ካርቶን ይፈልጋል፣ እንጂ ጥበቡ አዲስ አበባ ሳለሁ ከማውቀው የሚያልፍ አልነበረም። ኮምፔልሳቶውም፣ ኮላውም፣ ሞኬቱም ሶማሌ ተራና መርካቶ ሞልቷል። ያቺ ከፊያቷ የፊት ወንበሮች ኋላ ያለች ጠባብ መቀመጫ ደግሞ ከሴሊካዋ መደርደሪያ ትሰፋለች። ጋሼ የጠየቁኝ ነገር እዚያው ፊቴ ነበር። ምናልባት እሳቸውም «አላውቅም፣ ልሞክር» ብላቸው ወንበር ስበው ይቀመጡ ነበር።

ሴሊካዋ ከሄደች በኋላ ብዙ ሰነበትኩ፤ ለጋሼ ደውዬ እውነቱን ለመናገር ድፍረት አጣሁ። በመጨረሻ በኢሞ ደወልኩ። ያነሳችው ልጃቸው ናት። አባቷ ዕድሜያቸው እንደገፋ፣ ጆሯቸው ግን ደህና እንደሆነ ነገረችኝ። መኪናዋ አለች፤ ከሸራው ሥር ናት። ስልኩን አቀበለቻቸው።

ሰላምታው አላለቀልንም ነበር፤ የጁባን ሙቀት ይጠይቁኛል፣ ስለ ትዳር ይጠይቁኛል። አቋረጥኳቸው፦ «ጋሼ፣ ስለ በሩ ነው የደወልኩት። ያኔ ሌላ መንገድ የለም ያልኩዎት ውሸቴን ነው። መንገድ ነበረው። እኔ ነኝ ያላወቅሁት፣ እንደማላውቅም አውቅ ነበር። ውኃውም በጎሚኒው አልነበረም፤ እኔ የቀደድኩት ላስቲክ ነው። ጓደኛዎ ሲቆጡ እርስዎ ሲከላከሉልኝ ዝም አልኩ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ዝም አሉ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ጋሼ?» አልኩ።

«አለሁ» አሉ። ትንሽ ቆይተው «ታዲያ እንዴት ነበር የሚገጠመው?» አሉኝ።

ስለ ሳጥኑ ነገርኳቸው። ስለ ካርቶኑ ልክ፣ ነባሩን ብሎን ፈትቶ መልሶ ስለ ማጥበቅ፣ በጣት ስለሚዞረው ዳዶ ነገርኳቸው። እያንዳንዱን ነገር እያስቆሙ ይጠይቁኛል፤ ኮምፔልሳቶው ስንት ሚሊ ነው? ሽቦው በየት ነው የሚያልፈው? ስለ ይቅርታው አንድም ቃል አልተናገሩም። እኔም ደግሜ አልለመንኳቸውም፤ በራሳቸው ጊዜ የሚሰጡት ወይም የሚነፍጉት ነው።

«ከወንበሮቹ ኋላ ነው የምታስቀምጠው?»

«አዎ ጋሼ፣ እዚያች ትንሽ መቀመጫ ላይ።»

«ጣሪያው ሲታጠፍ አይነካውም?»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። ሴሊካዋ ጣሪያዋ ብረት ነው፤ አይታጠፍም።

«አላውቅም ጋሼ» አልኳቸው። «ጣሪያው ታጥፎ ልኩ መወሰድ አለበት።»

ስልኩን ከጆሯቸው ሳያነሱ ልጃቸውን ጠርተው ሜትር እንድታመጣ አዘዟት።